የዘመመው የፊት ማነጣጠሪያ



በእጄ የያዝኩት ወረቀት ከተኩስ ሜዳ የመጣ ዒላማ ነው። ከኋላ ለተቀመጣችሁ አይታያችሁ ይሆናልና ልንገራችሁ። መካከሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲሜትር ነው። በጥቁሩ እምብርት ያለችው፣ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ግን 5 ሴንቲሜትር ብቻ ናት። ወረቀቱ ላይ አምስት ቀዳዳዎች አሉ። አምስቱም በአንድ የቡና ሲኒ መቀመጫ ይሸፈናሉ። አንዱ ሌላውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ነገር ግን አንዳቸውም እምብርቱ ውስጥ የሉም። ሁሉም 7 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ግራ ሸሽተው ስምንትና ሰባት ነጥብ ላይ ሰፍረዋል።

ይህን ወረቀት የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሽጉጡም የራሴ ነው፤ ከሌላ ሰው እጅ የገዛሁት ያገለገለ የውድድር ሽጉጥ። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ እነዚያ ጥይቶች ለምን ወደ ግራ እንደሄዱና እንዴት ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ነው። የነገሩን ፍሬ ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፦ የማነጣጠሪያ ጥፋት ከመታረሙ በፊት የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የእጅ ነው? የኋላው ብረት ነው? ወይስ የፊቱ? ይህን ሳይለይ ብሎን የሚያዞር ሰው ጥፋቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። የተሸፈነው ጥፋት ደግሞ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይሸጣል። ለእኔ የደረሰኝም እንዲሁ ነው።

በምንኖርበት በጀርመን አገር የዒላማ ተኩስ ሥር የሰደደ ስፖርት ነው። የአገሪቱ ተኳሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1861 ጎታ በምትባል ከተማ ተመሠረተ፤ ዛሬ አባላቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእኛም መካከል ወደ ተኩስ ክበብ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ መሆኑም ተገቢ ነው። አንድ ሰው የስፖርት ሽጉጥ እንዲፈቀድለት ቢያንስ 12 ወር በክበብ ውስጥ አዘውትሮ መተኮስ፣ የዕውቀት ፈተና ማለፍና ሕጉ የሚጠይቀውን የብረት ሣጥን ማዘጋጀት አለበት። ያን ሁሉ አልፎ ፈቃዱን ሲይዝ የአዲሱ ሽጉጥ ዋጋ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ያገለገለ ይገዛል። ማንም በዚህ ሊያፍር አይገባም። በደንብ የተያዘ የ22 ካሊበር የውድድር ሽጉጥ ገዢውን አልፎ ለልጁ ይተርፋል። ዋልተር ጂኤስፒ የተባለው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ አሁንም በየክበቡ ይተኮስበታል። የእኔን ሽጉጥ ሥሪት ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረምና።

ለስፖርቱ እንግዳ ለሆናችሁ፣ የውድድር ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ሁለት ብረት ነው። አንዱ ከኋላ፣ ከእጃችን በላይ ይቀመጣል፤ በመካከሉ አራት ማዕዘን ክፍተት አለው። ሁለተኛው ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ የቆመ፣ ከጀርባው ሲታይ አራት ማዕዘን የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ተኳሹ የፊቱን ብረት በኋላው ክፍተት መካከል ያኖረዋል። ከግራም ከቀኝም እኩል ብርሃን ይታየዋል፤ የሁለቱም አናት በአንድ መስመር ይተካከላል። ይህን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሆነ አሠራር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያስተዋወቀው ፓትሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ተኳሽ ነው፤ ማነጣጠሪያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። የኋላውን ብረት፣ የፊቱን ብረትና ዒላማውን ሦስቱንም በእኩል ጥራት ማየት አይችልም። ጥሩ ተኳሽ ዓይኑን የሚያሳርፈው በፊቱ ብረት ላይ ነው፤ ዒላማው ቢደበዝዝ ግድ የለውም። ተኳሹ ጥይቱ እስኪወጣ ከዚያች ትንሽ ብረት ጋር ይኖራል። እሷ ከዘመመች ተኳሹ የሚያየው ነገር ሁሉ ዘመመ ማለት ነው።

ምን ያህል ብትዘም ነው ጥይት 7 ሴንቲሜትር የሚስተው? ስሌቱ ቀላል ነው፤ በትምህርት ቤት የተማርነው የሦስት ማዕዘን ሂሳብ ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ በ25 ሜትር ውድድር ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ከ220 ሚሊሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም። የእኔም ርቀቱ ያው 220 ነው። 25 ሜትር ማለት 25,000 ሚሊሜትር ነው። ለ220 ብታካፍሉት 113 ከምናምን ይመጣል። እንግዲህ በሽጉጡ ላይ ያለች ስህተት ዒላማው ዘንድ ስትደርስ ከ113 ጊዜ በላይ ታድጋለች። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ትሆናለች። ሰባቱን ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ስመልሰው 0.62 ሚሊሜትር አገኘሁ። ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር! በጠረጴዛ ላይ ቢያሳዩአችሁ እዚህ ግባ የማትባል ናት።

የገዛሁ ዕለት የኋላው ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ነበር። አየሁት፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስተኩስ ጥይቶቹ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ግራ ወደቁ። ወደ ቀኝ ልጨምር ብል ብሎኑ አልቋል፤ ወዴትም አይሄድም።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የራሴ ጣት ሆነ። ይህ ጥርጣሬ መሠረት ያለው ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ቃታውን በድንገት ከጎተተ ጥይቱ ብዙ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል። ግራኝ ከሆነ ደግሞ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይስታል። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ጥይት ሳላጎርስ ቃታ መሳብ ተለማመድኩ። ልምምዱ አልጎዳኝም፤ ጣቴ ተሻሻለ። ጥይቶቹ ግን ከግራ አልተነሡም፤ እንዲያውም ይበልጥ ተሰባሰቡና እዚያው ግራ ላይ ሰፈሩ። ይህ ራሱ ምስክር ነበር። የእጅ ጥፋት ጥይትን ይበትናል፤ የብረት ጥፋት ግን ሰብስቦ ወደ አንድ ጎን ይወስዳል።

ምስክሩን ለማጽናት ሁለት ነገር አደረግኩ። መጀመሪያ ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ አምስት አምስት ጥይት ሦስት ጊዜ ተኮስኩ፤ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ወረቀት፣ በሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ጥይት። ሦስቱም ወረቀቶች ያንኑ ቃል ተናገሩ። ቀጥሎ በክበባችን ያለ ግራኝ ጓደኛዬን እንዲተኩስልኝ ለመንኩት። የእሱ ጣት ቢያጠፋ ኖሮ ወደ ቀኝ መሳት ነበረበት። የእሱም ጥይቶች ወደ ግራ ሄዱ። ጣቶቻችን ነጻ ወጡ።

በክበባችን አንድ የአገራችን ሰው አሉ። በአገር ቤት ሳሉ በሠራዊቱ የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል የሠሩ ናቸው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይተኩሳሉ፤ ብዙ አይናገሩም። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የኋላውን ብረት ወደ ቀኝ ጨርሼዋለሁ። የክፍተቱን ቀኝ ጠርዝ ትንሽ ሞርጄ ወደ ቀኝ ላስፋው?» አልኳቸው።

ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ማን ባጠፋ ማንን ነው የምትቀጣው ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዝም ስል «የኋላውን ወደ መካከሉ መልሰውና ደግመህ ተኩስ። ያኔ ዋናው ሌባ ይወጣል» አሉ።

የኋላውን ብሎን ከዳር እስከ ዳር እያዞርኩ ጠቅታዎቹን ቆጠርኩ፤ 40 ናቸው። 20 ላይ አቆምኩት። ከዚያ ተኮስኩ። ይህ የያዝኩት ወረቀት የዚያን ጊዜ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር የነበረው ስህተት ሰባት ሆነ። የቀድሞው ባለቤት አምስቱን ሴንቲሜትር በኋላው ብረት ሸፍኖት ኖሯል፤ መሸፈኛው ስላላዳረሰው ሁለቱ ብቅ ብለው ታዩኝ።

ጋሼ ካዝናው መውጣቱንና ሽጉጡ ጥይት አለመጉረሱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ በጣታቸውም አረጋገጡ። ይህን ነገር ሳላሰምርበት አላልፍም። ማነጣጠሪያ የሚጠግን ሰው ፊቱን ወደ አፈሙዙ ያቀርባል፤ ስለዚህ መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ሳያረጋግጥ ካቻቢቴ አያንሣ። ጥይቱም ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሽጉጡን በነጭ ወረቀት ፊት አቁመው ትንሽ ስኳድራ ከጎኑ አስጠጉ። እኔም ከጀርባው አየሁ። የፊቱ ብረት አናት ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። አራት ዲግሪ አይሞላም፤ ግን ስኳድራው ካለ ማንም ያየዋል። ከሥሩ እስከ አናቱ 10 ሚሊሜትር ለሚሆን ብረት ያቺ መዝመም ከስድስት አሥረኛ ሚሊሜትሩ ጋር ልክ ትገጥማለች። ሂሳቡና ዓይኑ ተስማሙ። የብረቱ አናት ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይን ከክፍተቱ መካከል ሊያኖረው ይፈልጋል፤ እጅም ሳይታወቀው አፈሙዙን ወደ ግራ ይገፋል። ጥይቱም ወደ ግራ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ሲደናገርበት ያየሁት ነገር ይህ ነው፤ ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። የኋላውን ብረት ጥይቱ እንዲሄድላችሁ ወደምትፈልጉበት ውሰዱት። የፊቱን ግን ጥይቱ ወደሳተበት ውሰዱት። ጥይት ወደ ግራ ከሳተ የፊቱ ብረት ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ላይ ከሳተ የፊቱ ብረት ከፍ ማለት አለበት፤ ወደ ታች ከሳተ ዝቅ። ዝቅ ለማድረግ ብለው በሞረድ የሚያሳጥሩት አሉ። የተሞረደ ብረት መልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ጥይታችሁን መርጣችሁ ሳትጨርሱ፣ የኋላውም ማስተካከያ እንደማይበቃ ሳታረጋግጡ ሞረድ አታንሡ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስኳድራውን አስቀመጡና ዓይናቸውን ከሽጉጡ አንሥተው በጥፍራቸው የፊቱን ብረት እግር ዳር ዳሩን ይዳስሱ ጀመር። በግራ በኩል ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ጋ ነው» አሉ። እኔ አጎንብሼ ባይ ምንም የለም። ጣቴን ባስኬድ ግን ጥፍሬን የሚይዝ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነሣ ነገር አለ።

ያን ቀን የሶቪየቱ ማርጎሊን ትዝ አለኝ። ሚኻይል ማርጎሊን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ገና በወጣትነቱ፣ በውጊያ ጭንቅላቱን ቆስሎ የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያ ነዳፊ ሆነ፤ በስሙ የሚጠራውን የ22 ካሊበር የዒላማ ሽጉጥ ሠራ። ያ ሽጉጥ ለብዙ አሠርት ዓመታት በውድድር ሜዳዎች ተተኩሶበታል። ዓይነ ስውር ሰው ለዓይን ሥራ የሚሆን መሣሪያ በጣቱ አበጀ። የጋሼ ጥፍር ያን ዕለት የሠራው ሥራ ከዚያው ዓይነት ነው።

ብሎኑን ፈታነው። እዚህ ላይ የካቻቢቴው አፍ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ብሎኑን ይበላዋል፣ አምልጦም አፈሙዙን ይጭራል። ብረቱ ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ከሥሩ የደረቀ የብሎን ማጣበቂያ እንደ እጣን ፍርፋሪ ተጋግሯል። የግራው የታችኛ ጠርዝ ደግሞ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ብረቱ ወደ ታች ተቀልብሷል። አንድ ሰው ከዚህ በፊት ብረቱን ሊያነሣው ፈልጎ ብሎኑን በሥርዓት ከመፍታት ይልቅ በግራ በኩል በካቻቢቴ ፈልቅቆታል። ሲመልሰው ደግሞ አላጸዳውም። የእግሩ ስፋት 6 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ ጎን ሥር ከ0.4 ሚሊሜትር ያነሰ እብጠት ብቻ እንዲያ ያዘመው ዘንድ በቂ ነው። ይህ ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ሳይደርስበት አልቀረም፤ ጥይቱ ወደ ግራ ሲስትበት የኋላውን ወደ ቀኝ ነዳው፤ መሄጃ ሲያጣ ሸጠው።

አፈሙዙን አልነካነውም። የተቀለበሰው የማነጣጠሪያው እግር ነበርና ሥራው በእሱ ላይ ብቻ ሆነ። አፈሙዝን፣ የጥይት ማጉረሻውንና መሰል ዋና ክፍሎችን መሞረድም መብሳትም ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ሥራ ነው፤ በዚህ አገር ሕጉም እንዲሁ ይላል።

ጋሼ የእግሩን ሥር በቀጭን ቀለም ብዕር አጠቆሩት። ከዚያ ልስልስ ባለ መሞረጃ ድንጋይ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ አሻሹት። ቀለሙ የተፋቀው በዚያች በተቀለበሰች ጠርዝ ላይ ብቻ ነበር፤ ድንጋዩ የነካው ሊነካ የሚገባውን ብቻ ነው ማለት ነው። እንደገና አጠቆሩ፣ እንደገና አሻሹ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲፋቅ አቆሙ። የደረቀውን ማጣበቂያ በእንጨት ስንጥር አስለቀቁ፤ በብረት አይደለም። የብሎኑን ጉድጓድና የአፈሙዙን ጀርባ በአልኮል ወለወሉ። ብረቱን አስቀመጡ፣ ብሎኑን በከፊል አሰሩ፣ ስኳድራውን አስጠጉ፣ አዩ፣ ከዚያ አጠበቁ። በመጨረሻ ፈትተው በብሎኑ ጥርስ ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ካለው ሰማያዊ ማጣበቂያ አንዲት ጠብታ ብቻ ጣል አደረጉና መልሰው አሰሩት። ኃይለኛውን ቀዩን አልፈለጉም። «ነገ ሌላ ሰው መፍታት አለበት» አሉ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ሽጉጡን አልተኮስኩበትም።

የሁሉም ሽጉጥ የፊት ማነጣጠሪያ በብሎን የሚታሰር አይደለም። በአፈሙዙ ወይም በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ተጠብቆ የሚገባ አለ። እሱ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። ሽጉጡ በቆዳ ወይም በእንጨት በተለበጠ ሞርሳ ይታሰራል፤ ቀድሞ የነበረበት ቦታ በእርሳስ ይሰመራል፤ ከብረቱ የለሰለሰ የናስ ዘንግ ተደግፎ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በካሊፐር ይለካል። ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር ለመሄድ የሚበቃው ምት በጣም ጥቂት ነው፤ በጉልበት የሚመታ ሰው አልፎት ይሄዳል።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ የኋላው ብረት ሰባቱን ሴንቲሜትር ሙሉ መሸፈን ቢችል ኖሮ ጥይቱ መሐል ይገባ አልነበረም? ይገባ ነበር። ታዲያ ምን ቸገረህ? የቸገረኝ እጄ ነው። የዘመመ ብረት ቀጥ ባለ ክፍተት ውስጥ ሲታይ በአንድ ጎን ያለው ብርሃን ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠብባል። ዓይን ይህን አይወድም። ሊያስተካክለው ሲል ሽጉጡን ሁሉ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ያጋደለ ሽጉጥ ደግሞ ጥይቱን ወደ ጎንና ወደ ታች ይወስዳል። አንድ ቀን ያጋድላል፣ አንድ ቀን አያጋድልም፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ዓመት ይለፋል።

እጅ የተማረውን ሁሉ ይይዛል። የሃንጋሪውን ካሮይ ታካችን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1938 በሠራዊቱ ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ጎዳው። ግራ እጁን አስተማረና እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። እጅ እንዲህ ታዛዥ ነው። ቀናውን ብታስተምሩት ቀናውን ይይዛል፤ በዘመመ ብረት ብታስተምሩት መዝመምን እንደ ሙያ ይይዛል፤ ያን ማስረሳት ብሎን ከመፍታት እጅግ ይከብዳል። ለጀማሪዎች የምሰጋው በዚህ ነው። ጀማሪ ያገለገለ ሽጉጥ ይገዛል፤ የሚያወዳድርበት ሌላ ሽጉጥ የለውም፤ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ያደርጋል። ስፖርቱን እስከ መተው የደረሱ አይቻለሁ። ሽጉጣቸውን በስኳድራ ያየላቸው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ወረቀት ይኸውላችሁ። ጥገናው ባለቀ በማግሥቱ፣ የኋላው ብረት 20ኛው ጠቅታ ላይ እንዳለ፣ ከዚያው የአሸዋ ከረጢት ላይ የተተኮሰ ነው። የአምስቱ ጥይቶች መካከል ከእምብርቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ቀኝ ነበር። በእኔ ሽጉጥ አንድ ጠቅታ በ25 ሜትር ላይ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ሁለት ጠቅታ ወደ ግራ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ያንን ብሎን ነክቼው አላውቅም።

ያገለገለ ሽጉጥ የምትገዙ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላው ማነጣጠሪያ የት ላይ እንደቆመ እዩ። ዳር ላይ ተገፍቶ ከሆነ ለምን እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት፤ የፊቱን ብረት ከጀርባ በነጭ ወረቀት ፊት አቁማችሁ ተመልከቱት። የምትሸጡ ደግሞ የነካችሁትን ብሎን፣ የሞረዳችሁትን ብረት፣ የቀየራችሁትን ነገር ሁሉ በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ከሽጉጡ ጋር ስጡ። ሽጉጡን ዛሬ አላመጣሁትም፤ እንዲህ ባለ ስብሰባ መሣሪያ መያዝ ሕጉ ይከለክላል። ወረቀቶቹ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ስኳድራውም አለ። ቀርባችሁ እዩአቸው።